ከስም ሥር የተጻፈ ቁጥር፦ ማኅበራዊ ሚዲያ የዝነኞችንና የብራንዶችን ተወዳጅነት በእርግጥ ይለካልን?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2019 በኢንስታግራም ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተለጠፈ። በፎቶግራፉ የሚታየው አንድ እንቁላል ብቻ ነበር፤ ቅርፊቱ ቡናማ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበት፣ በነጭ መደብ ላይ የቆመ እንቁላል። ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍ ዓላማውን አልደበቀም፤ በኢንስታግራም ታሪክ ከፍተኛውን የላይክ ቁጥር በጋራ እናስመዝግብ የሚል ጥሪ ነበር። በወቅቱ ክብረ ወሰኑ የአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ዝነኛ የካይሊ ጄነር ሲሆን፣ የልጇን መወለድ ያበሠረችበት ፎቶግራፍ ከ18 ሚሊዮን በላይ ላይክ አግኝቶ ነበር። እንቁላሉ በአሥር ቀናት ገደማ ውስጥ ይህን ቁጥር አልፎ ሄደ፤ ቆይቶም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

ሃምሳ ሚሊዮን ሰው አንድን እንቁላል ወደደ ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ሰዎቹ ምልክቱን የተጫኑት ከሌሎች ጋር በአንድ ጨዋታ ውስጥ ለመግባት፣ ክብረ ወሰን ሲሰበር የራሳቸውን ጠጠር ለመወርወር ነበር። ይሁንና ያው ቁጥር፣ በዚያው መልክና በዚያው ቦታ፣ ከአንድ ድምፃዊ ወይም ከአንድ የጫማ ብራንድ ስም ሥር ሲቀመጥ «ይህን ያህል ሰው ይወደዋል» ብለን ያለ ጥርጥር እናነበዋለን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የንባብ ስህተት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ መታወቅ፣ መወደድና መታመን በአንድ ዓምድ ተደምረው በአንድ ቁጥር ይወጣሉ፤ የምንገዛውን፣ የምንሰማውንና የምናምነውን ስንመርጥ ደግሞ ያን ድምር ተመርኩዘን ነው። አማርኛ ለእነዚህ ነገሮች የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ዝና፣ ስም፣ አመኔታ፣ ወረት እንላለን። መተግበሪያዎቹ ግን ሁሉንም «ተከታይ» እና «ላይክ» በሚባሉ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ይከቷቸዋል። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቁጥሩ ታሪክ ከሚመስለን በላይ አጭር ነው። ፌስቡክ በ2004 ሲጀመር የላይክ ምልክት አልነበረውም፤ ምልክቱ የመጣው በ2009 ነው። በዚያው ዓመት አፕሪል ወር ተዋናዩ አሽተን ከቸርና የዜና ጣቢያው ሲኤንኤን በትዊተር አንድ ሚሊዮን ተከታይ ቀድሞ ለማግኘት በይፋ ተፎካከሩ፤ ያሸነፈውም ተዋናዩ ነበር። ዛሬ አንድ ሚሊዮን ተከታይ ያለው ገጽ ማንንም አያስደንቅም። ያኔ ግን አንድ ግለሰብ፣ ሠራተኞችና ስቱዲዮዎች ካሉት ዓለም አቀፍ ጣቢያ ቀድሞ ያን ያህል ሰው በዙሪያው መሰብሰቡ ለዝነኞች አንድ ነገር አስተማራቸው፤ ከአድናቂያቸው ጋር ለመገናኘት የጋዜጠኛ ደጅ መጥናት እንደማያስፈልጋቸው አወቁ። በዚያ ፉክክር ውስጥ ግን ብዙም ያልተስተዋለ ሌላ ነገር ነበር። ብዙዎቹ ተዋናዩን የተከተሉት የሚናገረውን ለመስማት ብቻ ሳይሆን ውድድሩን እንዲያሸንፍ ነበር። ቁጥሩ ገና ከጅምሩ መለኪያም ግብም ሆነ ማለት ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሣው ሐሳብ፣ መለኪያ ግብ ተደርጎ ሲያዝ መለኪያነቱን ያጣል በሚል አነጋገር ዛሬ በብዙ መስኮች ይጠቀሳል፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ ቁጥሮች የበለጠ የሚያስረዳው ምሳሌ ማግኘት ግን ያስቸግራል።

ቁጥሩ ተወዳጅነትን ከመመዝገብ አልፎ ተወዳጅነትን እንደሚፈጥር የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ፤ ለዚህ ጉዳይ መሠረት ስለሆነ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ከ14,000 በላይ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት ወደ አንድ የሙዚቃ ገጽ እንዲገቡ ተደረገ። በገጹ ላይ ብዙም በማይታወቁ ባንዶች የተሠሩ 48 ዘፈኖች ነበሩ፤ ተሳታፊው የፈለገውን መርጦ ያዳምጣል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ከወደደውም ያወርዳል። የአንደኛው ቡድን አባላት የዘፈኖቹን ርእስና የባንዶቹን ስም ብቻ ያያሉ። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዱ ዘፈን ከእነሱ በፊት በመጡ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደወረደ ጭምር ያያሉ። የረቀቀው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን የሚያዩት ሰዎች በስምንት «ዓለማት» ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ ዓለም ከዜሮ ጀመረ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚሆነውን አያይም። በሌላ አባባል ያው ታሪክ ስምንት ጊዜ ተደገመ።

ዝና የጥራት ጥላ ቢሆን ኖሮ በስምንቱም ዓለማት ያው ዘፈን ይነግሥ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የሌላው ሰው ምርጫ በሚታይበት ዓለም በአሸናፊና በተሸናፊ መካከል ያለው ርቀት በእጅጉ ሰፋ፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መገመትም ከባድ ሆነ። እጅግ ጥሩ የተባሉት ዘፈኖች እምብዛም ወደ ታች አልወረዱም፤ እጅግ ደካማ የተባሉትም እምብዛም ወደ ላይ አልወጡም። በመካከል ያሉት ግን የትም ሊገኙ ይችሉ ነበር። በአንዱ ዓለም አንደኛ የወጣ ዘፈን በሌላው ዓለም አርባኛ ሆኗል። ዘፈኑ ያው ነው፤ አድማጮቹም ከአንድ ዓይነት ሕዝብ በዕጣ የተከፋፈሉ ናቸው፤ የተለየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የገቡት ጥቂት ሰዎች ምን እንደመረጡ ብቻ ነው። ከተመራማሪዎቹ ሁለቱ፣ ሳልጋኒክና ዋትስ፣ በ2008 ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ቁጥሮቹን ሆን ብለው ገለበጧቸው፤ ትንሹ የወረደ ዘፈን ብዙ የወረደ መስሎ እንዲታይ አደረጉ። ምርጦቹ ዘፈኖች ከጊዜ በኋላ ቀስ በቀስ ማንሠራራት ጀመሩ፤ ነገር ግን ሰዎች በጠቅላላው የሚያወርዱት ሙዚቃ መጠን ቀነሰ። ለእኔ ከሁለቱም ጥናቶች ውጤቶች ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የተሳሳተ ቁጥር የሚጎዳው የተገፋውን ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ከነጭራሹ ለሙዚቃው ያለውን ፍላጎት ያቀዘቅዛል።

ይህ አካሄድ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይሆንበትም። «ላለው ሁሉ ይሰጠዋል ይበዛለትማል» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል የሚታወቅ ነው፤ የሶሲዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተንም በ1968 በሳይንቲስቶች መካከል ዝና እንዴት እንደሚከፋፈል ሲያጠና ላገኘው ውጤት ስም የሰጠው ከዚሁ ወንጌል ወስዶ ነው። ስመ ጥር የሆነ ሊቅና ያልታወቀ ሊቅ ተመሳሳይ ሥራ ሲያወጡ ምስጋናው ወደ ታዋቂው ያደላል፤ ያም ምስጋና የበለጠ ታዋቂ ያደርገዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ ዑደት ዓመታት አይፈጅበትም፤ በአንድ ምሽት ሊዞር ይችላል።

ዑደቱን የሚያፈጥነው ስልተ ቀመሩ ወይም በተለምዶ አልጎሪዝም የምንለው ነው። ኢንስታግራም እስከ 2016 ድረስ ልጥፎችን የሚያሳየው እንደ ወጡበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተጠቃሚውን ይስበዋል ተብሎ የተገመተው ቀድሞ ይቀርባል። ግምቱ የሚሠራው ከምንተዋቸው ዱካዎች ነው፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየነው ወይስ በሁለተኛው ሰከንድ አለፍነው፣ ደገምነው፣ ለሌላ ሰው ላክነው፣ አስተያየት ጻፍንበት? ልብ ማለት የሚገባን በዚህ ስሌት ውስጥ ንዴትም ፍቅርም እኩል ዱካ መተዋቸውን ነው። አንድን ዝነኛ ለመውቀስ ከሥሩ ሦስት መስመር የጻፈ ሰው፣ ለዚያ ዝነኛ ተጨማሪ ተመልካች እየጠራለት መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

የስልተ ቀመሩ መንገድ ግን ሁልጊዜ ላለው ብቻ አይጨምርም፤ ይህን መካድ ትክክል አይሆንም። ካቢ ላም በጣሊያን ቱሪን አቅራቢያ በሚገኝ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ወጣት ነው። በ2020 ማርች ወር፣ ወረርሽኙ ሲጀምር፣ ከሥራው ተቀነሰና ቪዲዮዎችን ወደ ቲክቶክ ማውጣት ጀመረ። ቪዲዮዎቹ ቀላል ናቸው። በመጀመሪያ አንድ ሰው ቀላሉን ነገር በመሣሪያና በዘዴ አወሳስቦ ሲሠራ ይታያል። ቀጥሎ ካቢ ያንኑ ነገር በእጁ ብቻ፣ ማንም በሚሠራበት መንገድ ይሠራዋል፤ ከዚያም ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ካሜራውን ያያል። አንዲት ቃል አይናገርም። ቋንቋ ስለሌለው ትርጉም አያሻውም፤ አጭር ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይታያል፤ ውጤቱ ግልጽ ስለሆነ ለጓደኛ ይላካል። ቲክቶክ በ2020 ስለ አሠራሩ በሰጠው ማብራሪያ የተከታይ ብዛት አንድን ቪዲዮ ለማሳየት በቀጥታ የሚታይ መስፈርት አይደለም ብሎ ነበርና፣ ለማይታወቅ ሰው በሩ ከሌሎቹ መድረኮች ይልቅ ክፍት ነበር። በ2022 ጁን ወር ካቢ በቲክቶክ ከማንም በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሁጎ ቦስ የተባለው የልብስ ብራንድ አስፈርሞታል።

አንድ የልብስ ብራንድ የካቢን ፊት ለምን ፈለገ? የራሱ ስም፣ የራሱ ገጽና የራሱ ተከታይ አልነበረውምን? መልሱ ሰው ከሰው ጋር እንጂ ከምልክት ጋር ስለማይዛመድ ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1956 ስለ ቴሌቪዥን ሲጽፉ፣ ተመልካቾች በየምሽቱ በስክሪን ከሚያዩት አቅራቢ ጋር የቅርብ ወዳጅነት የሚመስል ስሜት እንደሚያድርባቸው፣ አቅራቢው ግን እነሱን ጨርሶ እንደማያውቃቸው አስረድተዋል። አንድ ወገን ብቻ የሚያውቀው ወዳጅነት ነው። አቅራቢው ወደ ካሜራው እያየ፣ በቤተሰብ አነጋገር ሲናገር፣ ተመልካቹ ለራሱ የተነገረው ይመስለዋል። ማኅበራዊ ሚዲያ በዚህ ላይ የጨመረው ቀላል አይደለም። ዝነኛው ከአልጋው ሳይነሣ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ድምፁ እንደጎረነነ በስልኩ «እንዴት አደራችሁ» ይላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በእርግጥ ይመልሳል፤ ከሺህ አስተያየቶች አንዱን ላይክ ያደርጋል፤ ያቺ አንዲት ምላሽ ለቀሩት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ተስፋ ትሆናለች። ይህን ስሜት የሚንቁ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እኔ አልንቀውም። ብቻውን የሚኖር ሰው በየማለዳው የሚሰማው የታወቀ ድምፅ ሊያጽናናው ይችላል፤ መጽናናቱም እውነተኛ ነው። ጥያቄው የሚነሣው በዚያ ስሜት ላይ ዋጋ ሲለጠፍበት ነው።

ብራንዶች ፊት መዋስ የጀመሩት ኢንተርኔት ሲመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ በ1765 ከንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ ትእዛዝ ተቀብሎ ከፈጸመ በኋላ፣ ያንኑ ዓይነት ዕቃ በንግሥቲቱ ስም እየጠራ ለሕዝብ ሸጧል። በ1984 ናይኪ ገና የፕሮፌሽናል ጨዋታ ያልጀመረውን ማይክል ጆርዳንን ሲያስፈርም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሽያጭ ቢያገኝ ይበቃዋል የሚል ግምት ነበረው፤ ጫማው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 126 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ማኅበራዊ ሚዲያ የለወጠው የባለቤትነቱን ጥያቄ ነው። ቀድሞ ዝነኛው ፊቱን ያከራያል፤ ኩባንያው ይሸጣል። አሁን ዝነኛው ገበያተኛውን አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ሰብስቦ ስለሚይዝ ኩባንያውን ራሱ ሊያቋቁም ይችላል። ካይሊ ጄነር በ2015 የከንፈር ቀለም መሸጥ ስትጀምር ዋናው የማስታወቂያ ሰሌዳዋ የራሷ ገጽ ነበር፤ በ2019 ኮቲ የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የድርጅቷን 51 በመቶ በ600 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ኮቲ የገዛው የቀለሙን ቀመር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዝነኛ ማስፈረም የማይፈልጉ ብራንዶች ራሳቸው እንደ ሰው መናገር ጀምረዋል። የቋንቋ መማሪያው ዱኦሊንጎ አረንጓዴ ጉጉቱን በቲክቶክ ላይ አኩራፊ፣ አሽሟጣጭና ተደናቂ ገጸ ባሕርይ አድርጎት በ2025 ፌብሩዋሪ ወር «ሞቷል» ብሎ እስከ ማርዳት ደረሰ፤ መርዶውም በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆነ። ይህ መንገድ ይሠራል፤ ግን እንደ ሰው የሚቀልድ ብራንድ ስሕተት ሲሠራ እንደ ሰው ይወቀሳልና፣ በመግለጫ ቋንቋ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አይችልም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ንግድ መተማመኛ እሱ ነው። ቁጥር ዋጋ ካለው የሚሸጠው አይጠፋም። በ2014 ዲሴምበር ወር ኢንስታግራም ሐሰተኛ አካውንቶችን ባጸዳበት ጊዜ የጀስቲን ቢበር ገጽ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተከታይ በአንድ ጊዜ አጣ፤ የኢንስታግራም የራሱ ገጽ ደግሞ ወደ 19 ሚሊዮን ገደማ ቀነሰ። በ2018 ትዊተር ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። እዚህ ላይ ለዝነኞቹ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ ሐሰተኛ አካውንቶች እውነተኛ ሰው ለመምሰል ሲሉ ታዋቂ ሰዎችን ስለሚከተሉ፣ ማንም ሳይገዛቸው በትልልቅ ገጾች ላይ ይከማቻሉ። ሆን ብለው የሚገዙም ግን ነበሩ። ዴቩሚ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ለተዋንያን፣ ለስፖርተኞች፣ ለሙዚቀኞችና ለሌሎችም ሐሰተኛ ተከታዮችን ሲሸጥ ኖሮ፣ በ2018 ኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ምርመራ ተጋለጠ፤ በ2019 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በድርጅቱና በባለቤቱ ላይ በመሠረተው ክስ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ውሳኔ ጉዳዩ ተቋጨ። ኮሚሽኑ በ2024 ባወጣው ደንብ ደግሞ ለንግድ ጥቅም ሲባል ሐሰተኛ ተከታይ ወይም ዕይታ መሸጥንና እያወቁ መግዛትን በግልጽ ከልክሏል። ደንቡ ዘግይቷል፤ የላይክ ምልክት ከተፈጠረ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ተከታዮቹ በሙሉ እውነተኛ ሰዎች ቢሆኑስ? ያን ጊዜም ቁጥሩ ስለ ሽያጭ የሚነግረን ጥቂት ነው። በ2019 በኢንስታግራም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተከታይ የነበራት አንዲት ወጣት የራሷን የልብስ መስመር ልትጀምር አስባ፣ አምራቹ የጠየቃትን ዝቅተኛውን 36 ልብስ እንኳ መሸጥ እንዳልቻለች ራሷ ጽፋለች። ሰው ፎቶግራፏን ለማየት ይከተላታል እንጂ ልብስ ትምረጥልኝ ብሎ አልነበረም። ብዙዎች በወቅቱ ሳቁባት፤ እኔ ግን ቁጥሩን አምና የተጎዳች ሰው እንደነበረች ነው የማስበው፤ ከእሷ የበለጠ ልምድ ያላቸው የማስታወቂያ ክፍሎችም በዚያው ቁጥር ይሳሳታሉ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ የአንድ ዝነኛ እንቅስቃሴ ዓለምን ያናውጣል ብሎ ማመን። በ2021 ጁን 14 ቀን ክርስቲያኖ ሮናልዶ በአውሮፓ ዋንጫ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሲቀመጥ ከፊቱ የነበሩትን ሁለት የኮካ ኮላ ጠርሙሶች ወደ ጎን ገፍቶ የውኃ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ አሳየ። በማግሥቱ የብዙ መገናኛ ብዙኃን ርእስ አንድ ነበር፤ ሮናልዶ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ከኮካ ኮላ የገበያ ዋጋ 4 ቢሊዮን ዶላር አጠፋ የሚል። ቪዲዮው ሚሊዮኖች ዘንድ ደረሰ፤ ታሪኩም ለማመን ደስ የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ያ ዕለት የኩባንያው አክሲዮን ለሚቀጥለው የትርፍ ድርሻ መብት ሳይኖረው መሸጥ የጀመረበት ቀን ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የአክሲዮን ዋጋ በሚከፈለው ድርሻ ልክ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ የዋጋው መውረድም በአብዛኛው የታየው መግለጫው ከመጀመሩ በፊት፣ ገበያው ሲከፈት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን ተገናኙ፤ የሮናልዶ ተከታይ ብዛት ደግሞ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ ለማመን በቂ መስሎ ታየ። በ2024 በሁሉም መድረኮች ያሉት ተከታዮቹ ድምር አንድ ቢሊዮን መድረሱን ያስታወቀ ሰው ነውና ተጽዕኖ የለውም ማለት አይቻልም። ሰዎች የሚያዩትን ይወስናል፤ ከዚያ አልፎ ምን ያህል እንደሚሄድ ግን በተከታይ ቁጥር አይታወቅም።

በሌላ በኩል ምንም ተከታይ የሌለው አካውንት ትልቅ ብራንድን ያስደነገጠበት ጊዜ አለ። በ2022 ኖቬምበር ወር ትዊተር ቀድሞ ማንነታቸው ለተረጋገጠ ሰዎችና ድርጅቶች ይሰጥ የነበረውን ሰማያዊ ምልክት በወር 8 ዶላር ለሚከፍል ሁሉ መስጠት ጀመረ። ወዲያው አንድ ሰው በመድኃኒት አምራቹ ኢላይ ሊሊ ስም ገጽ ከፍቶ፣ ምልክቱንም ገዝቶ፣ ኢንሱሊን ከእንግዲህ በነጻ ይሰጣል ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማስተባበያ ለማውጣት ተገደደ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተገነባ ስም በአንዲት ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ተተክቶ ለጥቂት ሰዓታት በሌላ ሰው እጅ ገባ። ያ ሐሰተኛ መልእክት ይህን ያህል የተሰራጨው ስለ ኢንሱሊን ውድነት ሕዝቡ ቀድሞውንም የታመቀ ብሶት ስለነበረው ጭምር ነው፤ የብራንዱ ገጽ ያላሳየውን የሕዝብ ስሜት ሐሰተኛው ገጽ አሳየ።

ይህ ወደ ሌላ ሐቅ ይወስደናል፤ ተከታይ የገጹ ባለቤት ንብረት አይደለም። ፌስቡክ በ2012 ባወጣው መረጃ መሠረት አንድ የድርጅት ገጽ የሚያወጣው ልጥፍ በአማካይ የሚደርሰው ከተከታዮቹ 16 በመቶ ለሚሆኑት ነበር፤ ድርሻው ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ሄደ። በ2018 ጃንዋሪ ወር ማርክ ዙከርበርግ የጓደኛና የቤተሰብ ልጥፎች ከድርጅቶች ይልቅ ቅድሚያ እንደሚያገኙ ሲያስታውቅ፣ ለዓመታት ተከታይ ለመሰብሰብ ገንዘብ ያወጡ ብራንዶች የሰበሰቡትን ሰው ለማግኘት እንደገና ለማስታወቂያ መክፈል ግድ ሆነባቸው። የስድስት ሰከንድ ቪዲዮዎች መድረክ የነበረው ቫይን በ2017 ሲዘጋ ደግሞ፣ እዚያ ዝነኛ የሆኑ ወጣቶች ተከታዮቻቸውን ይዘው መውጣት አልቻሉም፤ በሌላ መድረክ ከአዲስ መጀመር ነበረባቸው። ከዚህ ኪራይ ቤት በፈቃዳቸው የወጡም አሉ። ቦቴጋ ቬኔታ የተባለው የፋሽን ቤት በ2021 መጀመሪያ የኢንስታግራም ገጹን አጠፋ፤ ለሽ የተባለው የሳሙናና የመዋቢያ ድርጅትም በዚያው ዓመት መጨረሻ መድረኮቹ በወጣቶች የአእምሮ ጤና ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ምክንያት አድርጎ ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከስናፕቻት ወጣ። ሁለቱም ሥራቸውን አላቆሙም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዝና እንደ ዋስትና ሲሸጥ ነው። በ2017 በባሃማስ ሊካሄድ ታስቦ የነበረው ፋየር ፌስቲቫል የተባለው የሙዚቃ ድግስ ትኬቱን የሸጠው በታዋቂ ሞዴሎች ገጾች ነው፤ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ባዶ ብርቱካናማ ምስል እንዲለጥፉ ተደርጎ የሕዝቡ ጉጉት ተቀሰቀሰ። እንግዶቹ ሲደርሱ የተነገራቸው ቪላ ሳይሆን የአደጋ ጊዜ ድንኳን ጠበቃቸው፤ አዘጋጁ ቢሊ ማክፋርላንድ በማጭበርበር ወንጀል ስድስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ኪም ካርዳሺያን ደግሞ ኢቴሪየምማክስ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ በኢንስታግራም ስታስተዋውቅ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ባለመግለጿ በ2022 ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ጋር 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። በሁለቱም ጉዳዮች ሰዎቹን ያሳመናቸው ማስረጃ አልነበረም፤ በየቀኑ የሚያዩት የለመዱት ፊት ነው። ማስታወቂያ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ የሚሉት ሕጎች አስፈላጊነታቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ «በክፍያ የቀረበ» የሚል አንድ መስመር፣ ወዳጅ የመሰለንን ሰው ለዚያች ቅጽበት ሻጭ መሆኑን ያሳውቀናል። ይህቺን መስመር በሃምሳ ሃሽታጎች መካከል የሚደብቅ ዝነኛ የሚሰርቀው የተከታዩን አመኔታ ነው፤ ይህን ለመናገር አላመነታም።

እንግዲህ አንድን ገጽ እንዴት እናንብበው? ሁለት ገጾችን ጎን ለጎን መክፈት በቂ ነው። የመጀመሪያው ሚሊዮኖች የሚከተሉት ነው። አዲስ ጫማ የያዘ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ በሺዎች የሚቆጠር አስተያየት፤ ሲነበብ ግን ልብ፣ እሳት፣ «ዋው»፣ ደግሞ ልብ፣ ደግሞ እሳት፣ በመሐል «እኔንም ተከተሉኝ» የሚል ጥሪ ነው። ስለ ጫማው የጠየቀ የለም። ሁለተኛው ገጽ ተከታዩ ጥቂት ሺህ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ የሰፋውን ቦርሳ አውጥቶበታል። አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት የገዛችው ቦርሳ ማንገቻው ከስፌቱ መላቀቅ እንደጀመረ ጽፋለች። ባለቤቱ አስተያየቱን አላጠፋም። «ይቅርታ እኅቴ፣ ያኔ ክሩ ቀጭን ነበር፤ አሁን ቀይሬዋለሁ፤ አምጪውና በነጻ እሰፋልሻለሁ» ብሎ መልሷል። ከመልሱ ሥር ሌላ ሰው ዋጋውን ጠይቋል።